የአፈር ንባብ

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ሥፍራ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ ይህን ስም የያዘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለቤትና ለመንገድ ሲባል ይቈፈራል። ከመሠረቱ ገል ወይም ዐፅም ቢወጣ ግን ማን ያነበዋል?

ብራና ቢስቱበት ተመልሶ ይነበባል፤ አፈር ግን ሲነበብ ይፈርሳልና ሁለተኛ አይነበብም። ስለዚህ የአርኬዎሎጂ ተማሪ ከመቈፈር አስቀድሞ መለካትን፥ መሣልንና መጻፍን ይማራል። ምድሩን በገመድ ይከፍላል፤ ንብርብሩን እየለየ በቀስታ ይፍቃል፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋል፤ ያገኘውን ሁሉ ከነቦታውና ከነጥልቀቱ ይመዘግባል። ኋላም በቤተ ሙከራ ገሉን አጥቦ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከሰል ቢገኝ በካርቦን ምርመራ ዘመኑ ይፈተናል። ቦታው ያልተጻፈለት ገል አገባቡ እንደ ጠፋ ቃል ነው፤ ድምፅ አለው፥ ምሥጢር የለውም።

ትምህርቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬም ብዙ ዘመን ተቈፍሮና ተጠንቶ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ፥ እስኪረከቡትም እንዲጠብቀው አዝዟል።

ነገር ግን ያላወቁትን ማስታወቅ አይቻልም። እንግዲህ የአጥቢያ አለቆች ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ሲያስቈፍሩ ይህን ሙያ የተማረ አንድ ዲያቆን ከግንበኛው አጠገብ ቢያቆሙ፥ የአባቶች ሥራ ከፍርስራሽ ጋራ ተጭኖ አይጣልም።