«ሆዷን ነው የሚያማት»



13 ዓመቴ ነበር። እቴቴ ብዬ የምጠራት ታላቅ እህቴ ኒካህዋ ሊታሰር ሁለት ወር ሲቀረው ቀራንዮ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። እኔ የሄድኩት ጆሮና አፍ ልሆናት ነው። እቴቴ በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከዳነች ወዲህ አትሰማም።

ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን ገባን። ነርሷ እቴቴን ትታ ወደ እኔ ዞረችና «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። እቴቴ በእጆቿ ነገረችኝ፦ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ያሳክካታል፣ ፈሳሽ አላት፣ ስትሸና ያቃጥላታል፤ ከሠርጉ በፊት መዳን ትፈልጋለች። ሁሉም ገብቶኛል። ትምህርት ቤት የተማረችው የምልክት ቋንቋና ቤት ውስጥ የፈጠርነው ምልክት ተደባልቆ ለእኔ እንደ አማርኛ ነበር። ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ የሰፈር ሴቶች ተቀምጠዋል። ነርሷ «ያላገባች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው?» ትላለች ብዬ ፈራሁ።

«ሆዷን ነው የሚያማት» አልኩ።

የሆድ ትላትል መድኃኒት ታዘዘላት። እቴቴ ነርሷን በፈገግታ አመስግና ወጣች። ቤት ስንደርስ ኪኒኑን በውኃ ዋጠችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር።

አገባች። በሽታውን ይዛ ነው ያገባችው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንዳለፉ ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የእሷ ነው። ባለቤቷ የማትፈልገው መስሎት ለብዙ ጊዜ አኩርፎ እንደነበር ግን በኋላ ሰማሁ። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ስትታከም የተገኘባት ፈንገስ ነበር፤ ካንዲዳ የሚሉት። እህቶቼ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ካንዲዳ ያላገባችንም፣ ወንድ ነክቷት የማያውቅንም ሴት ይይዛል። አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ እርግዝና ወይም ስኳር በሽታ ሊያባብሰው ይችላል። በቀላል መድኃኒት ይድናል። የፈራሁት ሐሜት መሠረት እንኳን አልነበረውም።

ያደረግኩትን መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ አይደለም። ዘነበወርቅ የሚኖሩ፣ እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። በልጅነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ከወሎ ለሕክምና መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ጣቶቻቸው ያለቁ ቢሆንም ጥልፍ ይጠልፉ ነበር፤ መርፌውን እንዴት እንደሚይዙት ዛሬም አልገባኝም።

በክፍለ ከተማችን አድገን ዘነበወርቅን የምናውቀው እንደ ታክሲ ማቆሚያ ነው። ስሙ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተከፈተው ሆስፒታል በስማቸው ይጠራ ነበር። በ1958 ዓ.ም እዚያው ላይ አለርት ተቋቋመ፤ ከመላው አፍሪካ ባለሙያዎች እየመጡ የሚሠለጥኑበት ሆነ። ቦታው ያኔ ከከተማው ውጪ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጣው ሰው ሲድንም አገሩ ስለማይቀበለው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ተጋባ፣ ወለደ። የዛሬው ሰፈር የእነሱና የልጆቻቸው ነው። ዛሬ የምናየው ሆስፒታል የቆዳውንም የዓይኑንም የአደጋውንም ሕመምተኛ ያስተናግዳል።

እማማም ካገቡት አንዷ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊወልዱ ሌላ ቦታ ሲሄዱ አዋላጇ «አንቺን ደግሞ ማን ደፍሮ አገባሽ?» አለቻቸው። ሥጋ ደዌ በዘር እንደማይወረስ፣ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ ያኔም ይታወቅ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ በሚሰጠው ጥምር መድኃኒት ደግሞ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል። ጥያቄው ግን ስለ በሽታው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ገላ ትዳር ምን ያደርግለታል ነው ነገሩ። በሌላ አገር ይህ ንቀት እስከ ሕግ ደርሷል። በጃፓን የሥጋ ደዌ ታካሚዎች በታጎሩበት ቦታ ለመጋባት መጀመሪያ እንዲመክኑ ይደረጉ ነበር፤ ለይቶ የሚያጉራቸው ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረቱ።

እማማ የእኔን ታሪክ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ እኔን እኮ ሰደቡኝ እንጂ ጥያቄዬን አልበሉብኝም። ሂጂና ንገሪያት» አሉኝ።

ነገርኳት። እቴቴ አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ በእጇ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ስንት ጊዜ?»

መቁጠር አልቻልኩም። ለሱቅ፣ ለቀበሌ፣ ለአማቾቿ፣ ለኡስታዙ ሳይቀር ስንት ጊዜ አሳጥሬ፣ አለስልሼ፣ ቀይሬ ተናግሬላታለሁ?

በእኛ ጀማዓ የአካል ጉዳተኞች ቀን በደረሰ ቁጥር የዐብደሏህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን ታሪክ እናነሳለን። ይገባል፤ ዓይነ ስውር ሆኖ አዛን ያደርግ ነበር፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ መዲናን ትተውለት ያውቃሉ። ስለ ጁለይቢብ ግን ስንናገር እምብዛም አልሰማሁም። ሰው በመልኩ የሚንቀው፣ ማንም ልጁን የማይሰጠው ሶሓባ ነበር፤ ነብዩ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ሚስት ጠየቁለት። ወላጆቿ ሲያመነቱ እሺ ያለችው ልጅቷ ናት። አካል ጉዳተኛን መስጂድ ለማስገባት መወጣጫ እንሠራለን፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ ትዳሩ ሲሆን አንገታችንን እንደፋለን። ሐያእ ነው እንላለን። የአንሷር ሴቶችን ግን እናታችን ዓኢሻ ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላልከለከላቸው ነው፤ ኡሙ ሱለይም ስለ ሴት ልጅ ኢሕቲላም በግልጽ ጠይቃለች።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ተማሪዎች አሉ። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች ናት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስትማር የግቢውን የፀረ ኤድስ ንቅናቄ መርታለች። አካል ጉዳተኛ ስለዚህ ጉዳይ ምን አገባው በሚባልበት ጊዜ ነው እንግዲህ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ስታጸድቅም 25ኛው አንቀጽ የሥነ ተዋልዶ ጤናን በስም ጠርቶ ይዟል። እቴቴ ያን ቀን ወደዚያ ክፍል ስትገባ መብቷ ተጽፎ ነበር። የጎደለው አስተርጓሚ ነው፤ ዘመድ ያልሆነ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ አዋቂ።

እንዲህ ያለ ሰው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም፣ የሴት አካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ማኅበርም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ናቸው። ቤተሰብ መምሪያ ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማኅበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በየዓመቱ የምናዘጋጀው የቅድመ ጋብቻ ደርስ አስተርጓሚ ይኑረው፤ ለእህቶች ሴት፣ ለወንድሞች ወንድ። በግቢያችን መስማት የተሳናቸው ሙስሊሞች ስንት እንደሆኑም እንጠይቅ። ደርሱ ላይ የማይታዩት ስለሌሉ አይመስለኝም።

እቴቴ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። ዘንድሮ ልጅ ስለማራራቅ ልትጠይቅ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ ምልክት ቋንቋ የምታጠና ጓደኛዬን ይዤላት ሄድኩ። ተራዋ ሲደርስ ከልማድ ተነስቼ ልከተላት ስል ዞር አለችና በእጇ «አንቺ እዚህ ጠብቂ» አለችኝ። ከጓደኛዬ ጋር ገቡ። በሩን ራሷ ዘጋችው።