«ባለ እጅ» በምድረ ቀደምት

የኢትዮጵያ የቱሪዝም መለያ «ምድረ ቀደምት» ይላል። ስሙ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ አፋርን ሳይጠራ አያልፍም። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ደረቱን ይነፋል፤ ቢነፋም አይፈረድበትም።

ኩራቱ ግን ያረፈው አጥንት ላይ ነው። ሰውን ሰው ካሰኙት ነገሮች አንዱ መሣሪያ የሚሠራው እጁ ነው፤ የዚህ እጅ ታሪክም ከአጥንቱ ባልተናነሰ በዚሁ ምድር ተመዝግቧል። የሚያሳፍረው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚችው አገር «ባለ እጅ» ማለት ስድብ ነው።

ነገሩ ከጎና ይጀምራል። ጎና አፋር ውስጥ፣ ከሐዳር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ደረቅ መሬት ነው። ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እዚያ ቆፍረው ያወጧቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ላላወቀ ሰው ተራ ጠጠር ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ግን የተመቱበት ቦታ፣ የተሰነጠረው ጎንና የተሳለው ጠርዝ ይታያል። ሥጋ የሚቆርጡ ቢላዎች ነበሩ።

ድንጋይን በድንጋይ መምታት ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል። መጀመሪያ ግን ድንጋዩን መምረጥ አለ፤ የጎና ሠሪዎች ከወንዝ ዳር ጠጠር መካከል ደህና አድርጎ የሚሰነጠረውን ለይተው ያነሱ ነበር። ቀጥሎ ከ90 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን ያለውን ጠርዝ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ ምቱ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ኃይል ማረፍ አለበት፤ ትንሽ ከሳተ ድንጋዩ ይደቃል እንጂ ስለት አይወጣውም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ካንዚ ለሚባል ቦኖቦ (የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ ነው) ይህን ሙያ አስተምረውት ነበር። ተማረ፣ ስለትም አወጣ። ሥራው ከጎናው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ግን የጎናው በብዙ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ሠሪ ሙያተኛ ነበር ማለት ነው።

ከጎና ወደ ደቡብ ሲወረድ ኮንሶ አለ። ዮናስ በየነና ባልደረቦቹ በ2005 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት እዚያ የተገኙት የእጅ መጥረቢያዎች እስከ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የእጅ መጥረቢያ ከጎናው ስለት የሚለየው ሁለቱም ገጹ እየተፈለፈለ ቅርጽ እንዲይዝ መደረጉ ነው። ሠሪው የመጀመሪያውን ምት ከማሳረፉ በፊት መጨረሻው ምን እንደሚመስል በአእምሮው ይዞታል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከኮንሶ ከጉማሬ የጭን አጥንት የተሠራ የ1.4 ሚሊዮን ዓመት መጥረቢያ ለዓለም ተዋወቀ። ድንጋይ ላይ የተማሩትን ዘዴ አጥንት ላይ ሞክረውታል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ወሬ እንዳይመስል፣ ኮንሶ ውስጥ ድንጋይ የሚፈለፍሉ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበሩ። ሴቶች ናቸው። ቆዳ የሚያለፋ ሙያ ያላት የኮንሶ እናት ጥሩውን ድንጋይ ከየት እንደምታመጣ ታውቃለች። ፈልፍላ ስለት ታወጣለታለች፣ በእንጨት እጀታ ላይ ትተክለዋለች፣ ከዚያ ቆዳውን ትፍቅበታለች። ሲዶለዱም እንደገና ትስለዋለች። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በጋሞና በሐዲያም ቆዳን በድንጋይ የሚፍቁ ባለሙያዎች በጥናት ተመዝግበዋል።

እነዚህ እናቶች የጥንቶቹ መጥረቢያ ሠሪዎች ቀጥተኛ ወራሾች ናቸው ለማለት አይቻልም፤ በመካከሉ ያለው ዘመን የትየለሌ ነው። ለሳይንሱ ግን ትልቅ አስተማሪ ሆነዋል። ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች ከውጭ አገር ድረስ መጥተው ሥራቸውን በጥሞና አጥንተዋል። የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ብቻ ነበር የሚለው የቆየ ግምት የተናጋው በአንድ በኩል በእነሱ ምክንያት ነው። የዓለም ተመራማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማስታወሻ ሲይዝ፣ በገዛ አካባቢያቸው ግን ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። ገበሬው ከእነሱ ጋር አይጋባም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኮንሶ ብቻውን አይደለም። በሰሜኑም ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ የሚሸምነው «ቁጢት በጥባጭ» ተብሏል። ሲመሽ ወደ ጅብነት ይለወጣል፣ ሰው ይበላል ተብሎም ተወርቶበታል። ቤተ እስራኤላውያን የርስት መብታቸውን ካጡ በኋላ መተዳደሪያቸው ብረትና ሸክላ ነበር። ጎረቤት ማረሻውንም ምጣዱንም ከእነሱ ገዝቶ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ «ቡዳ» ይላቸዋል። ያረሰው በእነሱ ማረሻ፣ እንጀራ የጋገረው በእነሱ ምጣድ ነው።

የአክሱም ሥልጣኔም ከዚህ ነገር ነጻ ሆኖ አይነበብም። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው። ከአንድ ወጥ ድንጋይ ነው የተጠረበው። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የነገሥታቱ ስም እነዚሁ ሳንቲሞች ላይ ስለተቀረጸ እስከ ዛሬ ይነበባል። ወርቁን የለበጠው ሰው ስም ግን የትም የለም። አገር የሚኮራበት ነገር ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ የእጁ ባለቤት ግን ከታሪኩ ተሰርዟል።

ችግሩ ያልታየ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የአዋጁ መንፈስ ግልጽ ነበር፦ ሰነፉ ሥራ የሚያውቀውን እየሰደበ ካሸማቀቀው ነገ ማረሻ የሚሠራ እንኳ ይጠፋል፣ አገርም ባዶዋን ትቀራለች። ንጉሡ ጉዳዩን እንደ ጨዋነት ጉድለት ብቻ አላዩትም፤ የኢኮኖሚ አደጋ አድርገው ነው ያዩት። ከዚያም የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት ያልነበረው ባለሙያ ሁሉ የሚያርሰው እንዲያገኝ በሩን ከፈተ። ሕጉ ተራመደ። ጓዳ ውስጥ የሚወራው ግን እዚያው ነው ያለው።

«እነሱ ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለውን ተረት ሳይንስ መልስ ሰጥቶበታል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ውስጥ ብረት ሠሪዎችና ገበሬዎች ተለያይተው ነው የኖሩት። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ብረት ሠሪዎቹ የተለየ ጥንታዊ ሕዝብ ቅሪት ይሆናሉ ብለው ይገምቱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ካለፉት 4,500 ዓመታት ወዲህ ከአንድ ግንድ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን አሳየ። በዘረመላቸው ላይ የሚታየው ልዩነት የመጣው ብረት ሠሪዎቹ ተገፍተው እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ በመኖራቸው ነው። መጀመሪያ ልዩነት ኖሮ መገለል አልተከተለም፤ መገለሉ ነው ልዩነቱን የፈጠረው።

በዚያው በ2007 ዓ.ም. ሌላም ዜና ነበር። ኬንያ ውስጥ ሎሜክዊ በተባለ ቦታ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው ተነገረ። «የመጀመሪያ» የሚለው ማዕረግ ከጎና ላይ ተነሳ። «እኛ ቀዳሚ ነን» በሚል ብቻ የቆመ ኩራት እንዲህ ነው፤ አንድ ቁፋሮ ያፈርሰዋል። ነገም ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ይገኝ ይሆናል። የጎና ሠሪ ችሎታ ግን በኬንያ ዜና አልቀነሰም። የሚያስከብረው ችሎታው ከሆነ ደግሞ፣ ክብሩ ችሎታውን ዛሬ ለያዘው ሰው የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ዋሽንግተን ያለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ጀበና ደርድሮ «ባህላችን» ይላል። አዲስ አበባ ያለ ሆቴል ግድግዳውን በሸማና በቆዳ ያስጌጣል። ዕቃው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ የእናቱን ሥራ ደብቆ ነው። ልጅ የእናቱን ሙያ የሚተወው ገቢው ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ስድቡን ላለመውረስም ጭምር ነው። ሙያ በዚህ መንገድ ሲሞት ቀብር የለውም፤ አንድ ቀን ሠሪ ሲፈለግ ይታጣል። ምኒልክ የፈሩትም ይህንኑ ነበር።

ብዙ ሊደረግ ይችላል። የመማሪያ መጽሐፍ ድንቅነሽን ሲያስተምር ጎናንና ኮንሶን አብሮ ማስተማር ይችላል። ሙዚየም የጥንቱን ድንጋይ ሲያሳይ ዛሬ ድንጋይ የሚፈለፍሉትን እናቶች ሥራ ከጎኑ ማስቀመጥ ይችላል። ባህላዊ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የሠሪውን ስም ዕቃው ላይ መጻፍ ይችላል። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

እውነተኛው ፈተና ግን ያለው ሽማግሌ የተላከበት ቤት ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የገበሬውን ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ሲልክ፣ ጓዳ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ለመሆኑ ዘራቸው ምንድን ነው?» ይባላል። ያ ጥያቄ መጠየቁን እስኪያቆም ድረስ «ምድረ ቀደምት» የሚለው ስም በተሰደቡ እጆች ሥራ የሚኮራ ስም ሆኖ ይቀጥላል።