ጉማና ንስሐ

በአርሲ ደጋ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ ሰው ሲገደል ሽማግሎች ተቀምጠው ጉማ፥ ማለት የደም ካሳ፥ ይቈርጣሉ፤ ቀድሞ በከብት ነበረ፥ ዛሬ በገንዘብም ይሆናል። ካሳውን የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ጎሣው ነው። (ጠብ ሲነሣ ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በመካከል ስለሚቆሙት ሴቶች በሌላ ጊዜ እንጽፋለን።)

አንዳንድ ወዳጆቼ ጉማን የደም ንግድ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ እኔ ግን አልስማማም። የትሬንት ጉባኤ በ1551 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የንስሐን ሥርዐት ሲወስን፥ ከመጸጸትና ከመናዘዝ ጋር ካሳንም አኑሯልና። ላም ሰርቆ የተናዘዘ ሰው ላሚቱን ለባለቤቷ ይመልስ ዘንድ ግዴታ አለበት።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። ጎሣ ስለ ጎሣው ይከፍላል፥ ይቀበላልም፤ ስለ አንዲት እናት ልብ ግን ይቅር ሊል አይችልም። አሰላ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ዘመዴ የልጃቸው ደም ከታረቀ በኋላ በዕርቁ ማዕድ ተቀመጡ፤ ገዳዩ ሲቀርብ ግን ፊታቸውን መለሱ። ሽማግሎቹ «እናታችን፥ ዕርቁ አልቋል እኮ» ቢሏቸው፥ «እናንተ ታርቃችኋል፤ እኔን ግን ጥቂት ታገሡኝ» አሉ። ይህን እንደ ቂም የሚቈጥሩ አሉ። ዳሩ ግን በ1992 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ራሱ፥ በደልን አለመሰማትና መርሳት በሰው ሥልጣን እንዳልሆነ ይናገራል፤ የሚፈልገው ልብን ለመንፈስ ቅዱስ ማቅረብን ነው።

ለካሳ የተሰጠቻቸው ላም ወልዳለች። ወተቷን ለጎረቤት ልጆች ይሰጣሉ፤ እርሳቸው ግን ገና አልቀመሱትም።