ኮድ ማጠፍ ስንፍና ነው ለምትሉ

ፕሮግራም የሚጽፉ ወዳጆቼ «ኮድ የምታጥፈው ፋይልህ ስለረዘመ ነው፤ መጀመሪያ ከፋፍለው» ይሉኛል። ኮዱ የራሴ ቢሆን ልክ ናቸው። እዚህ ደብረ ብርሃን ግን የሚደርሰኝ ሥራ አብዛኛው ሌላ ሰው ጀምሮ የተወው ነው።

በቀደም የመጣልኝ የአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም ነበር። ከ2,000 መስመር በላይ፣ በአንድ ፋይል! የጻፈው ልጅ ስልክ አያነሳም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ አንዳንድ መድኃኒት ላይ ከበሽተኛው ትርፍ ብር ይቀበላል።

ቪኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮል እንደያዝኩ ኬ፣ ቀጥሎ 0 ስጫን ሁሉም ታጠፈ። የቀሩት የፈንክሽኖቹ ስሞች ብቻ ናቸው። በዚህች ትንሽ ላፕቶፕ (ሁለተኛ ስክሪን ማን አለው?) ፕሮግራሙን እንደ መጽሐፍ ማውጫ አየሁት። በመቶዎች መስመር ተራርቀው የነበሩ ሁለት ዋጋ አስሊ ፈንክሽኖች አንድ ገጽ ላይ መጡ። ሁለቱን ብቻ ከፈትኩ። አንዱ የማትረፊያውን ፐርሰንት ይደምራል፤ ሌላው በተደመረው ላይ እንደገና ይደምራል።

አዎ፣ ፋይሉ መከፋፈል አለበት። ግን ያላነበባችሁትን ምን ብላችሁ ትከፋፍላላችሁ?

ፈንክሽኖቹ ክላስ ውስጥ ከሆኑ በ0 ፈንታ 2 ተጫኑ፤ አለዚያ የክላሱ ስም ብቻ ይቀርላችኋል። ሁሉንም መልሶ ለመክፈት ኮንትሮል ኬ፣ ኮንትሮል ጄ።