ዓለም ጤና፣ የኮምፒውተር ሐኪሙ ሠፈር

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ መቂ የሚሄደውን አሮጌውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው ዓለም ጤናን ሳያውቃት አይቀርም። ቆቃ ላይ የዓሣ ጥብስ ሽታ ይቀበልዎታል፤ የአዋሽን ድልድይ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ግራና ቀኙ እዚህም እዚያም ግራር የቆመበት የጤፍ ማሳ ይሆናል። ጥቂት እንደሄዱ በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩ ሱቆች፣ ባጃጆችና የአህያ ጋሪዎች ብቅ ይላሉ። የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ይህች ናት። ሰማዩ ጠራ ካለ በስተሰሜን በኩል የዝቋላ ተራራ ይታያል።

ከሞጆ በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ብዙው ረዥም መንገደኛ ከተማዋን ሳያይ ነው የሚያልፈው። ለአገሩ ሰው ግን አሮጌው መንገድ አሁንም መንገዱ ነው። የሽንኩርት ማዳበሪያ የሚጫነው፣ ገበሬው ጉዳዩን ሊያስጽፍ የሚመጣው፣ ተማሪው ፎርም ሊያስሞላ የሚሰለፈው እዚሁ አስፋልት ዳር ነው።

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ጉዳይ ሄጄ የመሬት ኪራይ ውል ለማስጻፍ ከነዚህ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናቸው። ኮምፒውተራቸው ከኋላው የሚያብጥ ስክሪን ያለው፣ የልጅ ልጆቻችን አይተው የሚስቁበት ዓይነት ነው። ውሉ ተጽፎ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው መብራት እልም አለ፤ ወዲያው ተመልሶ መጣ። አምፖሉ በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልተነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ለአገሪቱ ብርሃን የሰጠው የቆቃ ግድብ ከዚህች ከተማ ቅርብ ነው። ጎረቤቱ ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይውላል። ለኮምፒውተር ደግሞ የከፋው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ኃይሉ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመጣና ደካማውን ዕቃ ይመታል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው።

«ልጄን ጥሩልኝ» አሉ ባለቤቷ። ልጃቸው አይደለም፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ «ሃርድዌርና ኔትወርክ» ተምሮ አዳማ ጥቂት ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነው። ዊንታና የቀለም ብሩሽ ይዞ መጣ፤ «እትዬ፣ መጀመሪያ ይህን አሮጊት ላዋያት» ብሎ ከጀርባዋ ጎን ተቀመጠ።

ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ የወጣው አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ የሚነሣው ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የማቀዝቀዣዋን ፋን ያንቃታል፣ ዕቃው ይግላል፣ ሙቀቱ ውስጥ ያሉትን ቁርጥራጮች ያረጃቸዋል። ወጣቱ ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ ወደ ክፍሉ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩት። ውስጡ ካሉት ካፓሲተሮች አንዱ አናቱ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ከመደርደሪያው አንድ የሞተ ፓወር ሰፕላይ አወረደና ከእሱ ጤነኛውን ነቅሎ በየደው። ሲሠራ ረዳቱን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይመስለኛል፣ እጁን እንዳያስገባ ደጋግሞ ገሠጸው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሚቆይ ኃይል ሰው ሊመታ ይችላል። ቤት ውስጥ ዕቃ መፍታት የሚወድ ልጅ ያላቸሁ ወላጆች ይህችን አንዷን ነገር ብቻ እንኳ ብትነግሩት ይበቃል።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኮምፒውተሩ ተነሣ። 300 ብር ተከፈለ። እኔም «ለምን አዲስ አይገዙም?» ብዬ ባለቤቷን ጠየቅኳቸው፤ ላፕቶፕ የገዛላቸው ልጅ እንዳለ ቀደም ብለው ነግረውኝ ነበርና።

ላፕቶፑን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። ከዓመታት በፊት የጻፉትን አንድ ውል በፍላሽ አሻግረው ከፈቱት፤ ገጹ በፈረንጅ ፊደልና በምልክት ተሞልቶ ብቅ አለ። ነገሩ የሚገባው በ1990ዎቹ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ነው። የአማርኛ ፊደል ዓለም አቀፉን የዩኒኮድ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሳይለምድ በፊት የነበሩት የመጻፊያ ፕሮግራሞች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝና የድሮው ፓወር ግዕዝ፣ ፊደሉን በየራሳቸው መላ ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚነበብ አይሆንም። ፎንቱ ቢጫን ይነበባል፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ግን ይህን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

የእኚህ ሴት ሀብት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው። የመሬት ኪራይ ውል፣ የእኩል እርሻ ስምምነት፣ የውክልና ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሽማግሌዎች የዕርቅ ቃል ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። «የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፉልኝ ወረቀት ጎርፍ ወሰደብኝ፤ ያውጡልኝ» ብሎ የሚመጣ ገበሬ አለ። ማኅተም የሌለው መዝገብ ቤት ናቸው ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ፋይሎቹ በሙሉ «ሾርትከት» ሆነውባቸው ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥተው ነበር። በየፎቶኮፒ ቤቱ በፍላሽ የሚዛመተው ይህ ቫይረስ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በምትኩ ሐሰተኛ ምልክት ያስቀምጣል። ወጣቱ የተደበቀውን መልሶ አወጣላቸው። ተደናግጦ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ቢያጋጥማቸው ኖሮ የስንት ቤተሰብ ወረቀት አብሮ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ ወጣቱ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦላቸዋል፤ ያ ሃርድ ዲስክ ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ቤታቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ጠጋኝ ከአዲስ ኮምፒውተር ይሻላል ባይ ነኝ።

የደንበኞቹ ዝርዝር የከተማዋ የንግድ ካርታ ነው። መድኃኒት ቤቱ፣ የፎቶ ስቱዲዮው፣ የዘርና የፀረ ተባይ ሱቁ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይጠሩታል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ግን አይነካም፤ ያ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ የሚከፍተው ነው። የሰሞኑ ጥያቄ ደግሞ «ዊንዶውስ 10 ቆሟል ይላሉ፤ እንጣለው ወይ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በሕጋዊው መንገድ አይጫንም። ይህ ማለት ግን ኮምፒውተሩ በማግሥቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ ደብዳቤ የሚጽፍ ማሽን መጻፉን ይቀጥላል። በባንክ ሒሳብና በግብር ጉዳይ ኢንተርኔት የሚገባበትን ግን ያለ አዲስ መከላከያ መተው አደጋ ነው። ወጣቱ ለሁለት ደንበኞቹ ነፃውን ሊኑክስ ጭኖላቸዋል፤ አንዱ ለምዶታል፣ ሌላው «የድሮውን መልስልኝ» እያለ ነው። «ጣሉትና አዲስ ግዙ» የሚለውን ምክር ከሻጭ አፍ ስትሰሙ ግን አንድ ጊዜ ቆም በሉ።

ሁሉም ነገር ግን አይድንም። ከጠባቧ ክፍል ጀርባ ሌላ ክፍል አለች፤ እስከ ጣሪያዋ ሞልታለች። ሥጋቸው ተበልቶ ያለቀ ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮች፣ ያበጡ የዩፒኤስ ባትሪዎች ተቆልለዋል። ወጣቱ «የመለዋወጫ መጋዘኔ ነው» ቢልም ግማሹ መለዋወጫ አይወጣውም።

ፓን ኢትዮጵያና የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት በአገራችን ያረጀ ኤሌክትሮኒክስ በብዛት የሚገኘው በቆሻሻ መጣያ ሳይሆን በየቢሮው፣ በየቤቱና በየጥገና ክፍሉ ተቀምጦ መሆኑን ጽፏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ ልጆቻችሁ የተማሩበት ወላጆች ታስታውሱታላችሁ። ብዙ ቦታ ያ ፕላዝማ ከሥራ ከወጣ በኋላ አንድ ክፍል ተቆልፎበት ኖሯል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በሥርዓቱ ተሰብስቦ እንደገና ለሥራ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ዓለም ጤና ላይ የሚሰበስበው ቆራሌው ነው። የሳጥኑን ብረት በኪሎ ይገዛል፤ መዳቡን ይወዳል፤ ከዚያ ወደ ብረት አቅላጮቹ ወይም ወደ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይሄዳል። በዚህ ረገድ አገራችን ፈረንጁ ዛሬ የሚሰብከውን ከድሮም ታውቀዋለች። ችግሩ ቆራሌው የማይገዛው ነው። የድሮው ስክሪን መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ፤ አንዱ ስክሪን ከኪሎ በላይ ሊይዝ ይችላል። የዩፒኤሱ ባትሪም ያው እርሳስና አሲድ ነው። ሽቦው ደግሞ መዳቡ እንዲወጣ ሲቃጠል ጭሱን የሚስበው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ዳር የሚጫወት ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ «ይህን ያህል እርሳስ አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው፤ ዘግይቶም በትምህርት ቤት ውጤት ይታያል።

ይህን ለዓለም ጤና ሰው ማስረዳት ከባድ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ሽታም ጣዕምም የሌለው ነገር ቀስ ብሎ የልጅን ጥርስ እንደሚያጠቁር ሰዉ በራሱ ቤት አይቶታል። ወጣቱም ደንበኞቹን የሚያሳምነው በዚሁ ምሳሌ ነው። ሌላም አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሣንቲም የምታብለጨልጭ ባትሪ አለች። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለችና፣ ከተጠረጠረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ወጣቱ ለመጣል ከሚያዘጋጀው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ነቅሎ በክዳን በሚዘጋ ጠርሙስ ያጠራቅማል። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን ያወጣል፤ «ዲሊት» የተደረገ ፋይል በእርግጥ የጠፋ አይደለምና፣ ለቆራሌው በኪሎ የተሸጠ ኮምፒውተር የባለቤቱን ፎቶና የባንክ ወረቀት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሕጉ አለ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ አቃቂ ላይም ያረጁ ኮምፒውተሮችን ለማደስና የማይታደሱትን ለመበታተን የተቋቋመ ማዕከል አለ። ከዓለም ጤና አቃቂ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ስክሪን ጭኖ ለመሄድ የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ስክሪኖቹ ጤነኛ በነበሩበት ጊዜ እንኳ አያወጡትም። የሽንኩርት መኪናውም ሲሄድ ሙሉ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤቶቹና ሱቆቹ የየራሳቸውን ክምር አንድ ላይ አድርገው በዓመት አንድ ቀን አንድ አይሱዙ ቢሞሉ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው። ለአሁኑ እንዲህ የሚያሰባስብ አላየሁም። ከዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ ባለው በሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ አዲሱ ዕቃ በኮንቴይነር መራገፉን ይቀጥላል።

ከመውጣቴ በፊት ወጣቱ ከክምሩ ጀርባ አራት ስክሪኖች አሳየኝ። መስታወታቸው እንዳይሰበር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ በማዳበሪያ ጠቅልሏቸዋል፤ ባትሪዎቹን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጧል።

«ጋሼ፣ በመኪና ነው የመጡት?» አለኝ።

በሚኒባስ መሆኔን ነገርኩት።

«እንግዲያው ይቆያሉ» አለና የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ መፍታት ጀመረ።