ዋናውና ግልባጩ

ሙዚቃ ማሰባሰብ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። በኮኪት ገበያ ሚሞሪ ካርድ ሙሉ ዘፈን በጥቂት ብር እየተቀዳ ሲሸጥ፥ ለአንድ ዲስክ ይህን ያህል መክፈል ምን ይባላል? ይላሉ። መልሴ የሚከተለው ነው።

አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» እና «የከርሞ ሰው» ይሰማሉ። የፊልሙን ሙዚቃ ዋናውን ዲስክ አጎቴ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፤ ግልባጩን ከገበያ አስቀዳሁ። ሁለቱንም እያፈራረቅሁ ሰማሁ። በግልባጩ የባሱ ድምፅ ሳስቷል፥ የሳክስፎኑም ለዛ ደብዝዟል። ይህስ ይታለፍ። የከፋው ግን ስም የለውም፤ «ትራክ 2» ብቻ ይላል። አንድ የክፍሌ ልጅ ሰምቶ፥ «ፈረንጆች እንዴት ይችሉበታል!» ሲል አደነቀ። የዲስኩን ሽፋን ባሳየሁት ጊዜ የሙላቱን ስም ደጋግሞ አነበበ።

በአገራችን ሸክላ ማሳተም ድፍረት የጠየቀበት ጊዜ ነበር። አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያሳትም፥ መብቱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ታዲያ እርሱስ ሕግ አልተላለፈምን? የሚለኝ ይኖራል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ አምሃ የዘፋኙን ስም በሸክላው ላይ አትሞ አወጣ፤ ግልባጭ ሻጭ ግን ስሙን ፍቆ ይሸጣል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ገንዘብ አጥተን ግልባጭ ብንሰማ እንኳ የደራሲውን ስም ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ስሙን ማጣት አይገባውም።