የወንድም ጋሼ ፖርሽ በሸናንዶዋ ተራራ

ወንድም ጋሼ መኪናውን ሊሸጣት መሆኑን የነገረኝ አሌክሳንድሪያ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው። "ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። ሐሙስ ተራራ እንወጣለን፤ ጫማ ጠበቅ ያለ አድርጊ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ባለቤቱ ግን ስኒውን እያነሳች በዓይኗ "ተዪው" አለችኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1987 ሥሪት ፖርሽ 944 ናት። ቀይ ናት፤ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ እንደ እንቁራሪት ዓይን ከቦኔቱ ላይ ብቅ ይላሉ። ሞተሯ ከፊት፣ የማርሽ ሳጥኗ ከኋላ ስለሆነ ክብደቷ ለሁለት ተካፍሎ ኩርባ ላይ ረጋ ትላለች። ወንድሜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው የገዛት። ሐሳቡ ጡረታ ሲወጣ ወደ አገር ቤት ይዟት ሊገባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር ያ ሐሳብ አበቃ። ልጆቹ እንደሆኑ ማርሽ መቀየር አያውቁም።

ገዢው በስልክ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ፋብሪካው የገጠመላት ቺፕ አለ?" አለ። ዓመታት ሙሉ በፖስታ ውስጥ፣ በመሳቢያ ተቀምጧል። መኪናዋ ግን የምትሄደው ከሌላ ሻጭ በተገዛ ቺፕ ነው። ወንድሜ የትኛውን ገጥሞ እንደሚሸጣት አልወሰነም። የሐሙሱ ጉዞ ለእኔ ሽርሽር፣ ለእሱ ፈተና ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እኔም ያን ቀን ነው የተማርኩት። ከዳሽቦርዱ ግርጌ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ካንዴላው መቼ ብልጭ እንደሚል፣ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ የምትወስነው እሷ ናት። የምታነበውም ከአንዲት ጥቁር ቺፕ ላይ የተጻፉ ቁጥሮችን ነው። ፋብሪካው ቁጥሮቹን የጻፈው ለሁሉም ሰው ነው፦ በበረሃ ሙቀት ለሚነዳው፣ ርካሽ ቤንዚን ለሚቀዳው፣ ሰርቪስ ለሚያሳልፈው። ስለዚህ ጥንቃቄ አብዝቷል። ቺፕ ሻጩ ከዚያ ጥንቃቄ ላይ ይቀንሳል። ብልጭታውን ትንሽ ያስቀድመዋል፣ የቤንዚኑን መጠን ያስተካክላል፣ ሞተሩ የሚዞርበትን ጣሪያ ከፍ ያደርጋል። አብዛኛውን ለውጥ የሚያደርገውም ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ በሚሠራው ክፍል ላይ ነው።

"ስንት ይጨምራል?" አልኩት። የድሮውን ማስታወቂያ አሳየኝ። "እስከ" ይላል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ "እስከ" የምትለውን ቃል ራሴ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አውቃለሁ። ቱርቦ ላለው መኪና ቺፕ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ አየሩን በግፊት እንዲያስገባ ማዘዝ ይቻላልና። የወንድሜ መኪና ግን ቱርቦ የላትም። ከፋብሪካ ስትወጣ 147 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ቺፕ ብቻውን ከዚያ ላይ የሚጨምርላት ጥቂት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ጥቅምት ስለነበር ከከተማ በራቅን ቁጥር ዛፉ ሁሉ እየቀላ፣ እየቢጫ ሄደ። ዋረንተን የምትባል ከተማ ላይ ለቤንዚን ቆምን። "ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዘው" ብዬ ካርዴን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ፤ እሱ ውኃ ሊገዛ ወደ ሱቁ ገባ። አገር ቤት ማደያ ላይ የምንለው "ሙላው" ነው። እዚያ ራስሽ ትቀጂያለሽ፤ 87፣ 89፣ 93 የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ። ርካሹን ነካሁ።

ከስፔሪቪል መንደር ወደ ቶርንተን ጋፕ የሚያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ተራራውን ይይዛል። አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ወንድሜ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ ተወነጨፈች። ወዲያው ከፊታችን ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ያለ ድምፅ መጣ። እግሩን አነሳ።

"ስንት ቁጥር ነው የቀዳሽው?"

ነገርኩት። ዝም አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ድምፅ ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቤንዚን ሙቀትና ጭነት ይታገሣል፤ 87 ከሦስቱ ትዕግሥቱ ያነሰ ነው። የተገዛው ቺፕ ብልጭታውን አስቀድሞ ስለሚለኩስ ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል። ዘመናዊ መኪኖች ይህን ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ስላላቸው ብልጭታውን ራሳቸው ወደኋላ ይመልሱታል። ይህቺ የላትም። ጆሮዋ ሹፌሯ ነው። ሹፌሯ ካልሰማ ፒስተኗ ይጎዳል፤ ያ ደግሞ ለሽያጭ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ቀስ ብለን ወደ ላይ ደረስን፤ የፓርኩን መግቢያ 30 ዶላር ከፍለን ማቆሚያው ላይ ቆምን። ወንድሜ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ፈታ፣ ከዳሽቦርዱ ስር ተኝቶ ኮምፒውተሯን አወጣ፣ ክዳኗን ከፈተ። እኔ የስልክ መብራት ያዝኩለት። የተገዛችው ቺፕ ጀርባዋ ላይ በወረቀት የተሸፈነች ትንሽ የመስታወት መስኮት አላት፤ ፀሐይ እንድታያት አይፈለግም፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ጽሑፉን ይደመስሰዋልና። በቀስታ ነቅሎ የፋብሪካውን ተካ። እግሮቿ እንዳይታጠፉ ሲጫን ትንፋሹን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። ከፖስታው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በእሱ እጅ ጽሑፍ "አዲስ አበባ" ይላል፤ ከስሩ ቁጥሮች ተደርድረዋል።

"ምንድን ነው?"

"ለአዲስ አበባ ቺፕ ላስጽፍ አስቤ ነበር። እናንተ ጋ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይጎድላል። ጉልበቷም በዚያው ልክ ይቀንሳል" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ቺፕ አየር አይሆንም። ቢሆንም አስቤ ነበር።"

ከዚያ ወደ ደቡብ ነዳን። ስካይላይን ድራይቭ የሸናንዶዋ ፓርክን ጀርባ ይዞ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሥራው በ1931 ተጀመረ፤ ፓርኩን በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መረቁት። ለፓርኩ ሲባል የተራራው ቤተሰቦች እርሻቸውን ትተው መነሳታቸውን እዚያው ጎብኝዎች ማዕከል ውስጥ ታነባላችሁ። ገና ስንነሳ ሜሪስ ሮክ የሚባል 200 ሜትር ገደማ ዋሻ አለ፤ በዓለቱ ውስጥ በድማሚት የተፈለፈለ ነው። ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ አስተጋባልኝ። ከመንገዱ ከፍተኛው ቦታ ስካይላንድ ጋ ነው፣ 1,122 ሜትር። ቢሾፍቱ ከዚያ ትበልጣለች ስለው ሳቀ፤ ከማደያው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው። አጋዘንና ድብ ስለሚሻገሩ ማንም አይቸኩልም። በ56 የፋብሪካው ቺፕና የተገዛው አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የተጻፈው ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ሲያልቅ ነውና። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ሜዳ ላይ ዳቦና እንቁላል በላን። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚያ አሩጧቸው፤ የ944 የኋላ ወንበር ግን ከሕፃን በቀር ማንንም አይችልም። ጃኬት ያዙ፣ ቅዳሜና እሑድን ተዉት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቤንዚን ሙሉ። የትኛውን እንደምትቀዱ ጠይቁ።

ስንመለስ እስከ ስፔሪቪል ወርደን ያንኑ ዳገት እንደገና ወጣነው። ያው ቤንዚን፣ ያው ሁለት ሰው፣ ያው ሁለተኛ ማርሽ። ረገጠው። ምንም አልተንጣጣም። እኔ የጉልበት ልዩነት አልተሰማኝም። እሱ "ከአራት ሺህ ዙር በላይ ትንሽ ትሰንፋለች" አለ፤ አመንኩት፣ ስንት ዓመት አብሯት ኖሯል። ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ተቀመጥን። "በዚህችው ትሂድ" አለ።

ቅዳሜ ገዢው ከወጣት ልጁ ጋር መጣ። ልጁ መብራቶቹን ሦስት ጊዜ አብርቶ አጠፋ። ወንድሜ የተገዛችውን ቺፕ በፖስታው አድርጎ ከቁልፉ ጋር ሰጣቸው። ከመስጠቱ በፊት እስክሪብቶ ከእኔ ተቀብሎ ፖስታው ላይ "93 ብቻ" ብሎ በትልቁ በእንግሊዝኛ ጻፈበት፤ ሁለት ጊዜም አሰመረበት።